አስር ሊትር ሲሚንቶ

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ዛሬም ወደ ቤቴ ብመለስ ሆዴ አያስችለኝም። ሦስት እሑድ ሙሉ እጄን ላነሳ እያልኩ ፈርቼ ተውኩት። ዛሬ ግን መጋቢያችን "የሚመሰክር አለ?" ሲሉ እግሬ ራሱ ቀድሞኝ ተነሳ። ጌታ ይባረክ! እግሬ ተነሳ ስላችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ የዚች እግር መነሳት ብቻውን አንድ ምስክርነት ነው። መጋቢ አስር ደቂቃ ሰጥተውኛል። አስር የሚባል ቁጥር ከእኔ ጋር እንደማይስማማ ግን ቆይታችሁ ታያላችሁ።

ስሜ ትርንጎ ነው። ለማታውቁኝ፣ ተወልጄ ያደግሁት ኩልመስክ ነው፤ ላሊበላ የመጣሁት በትዳር ነው። ባለቤቴ ጌታቸው ሚኒባስ ይነዳል፤ ከዚህ ወልድያ፣ ከወልድያ እዚህ። እኔ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ነኝ። መቅደስ የምትባል አንዲት ሴት ልጅ አለችን። የምንኖረው ከባለቤቴ እናት ከእማማ የሺ ጋር ነው። እማማ የሺን ልብ በሉልኝ፤ የዚህ ምስክርነት ግማሹ የእሳቸው ነው።

ጌታን ሳላውቅ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ልንገራችሁ። አንዳንድ ወንድሞች ሲመሰክሩ መጠጥ ነበረብኝ፣ ጫት ነበረብኝ ይላሉ። እኔ ይሄ አልነበረብኝም። የኔ ችግር ሁለት ነበር። አንደኛው ይቺ ምላሴ ናት። አፌን ከከፈትኩ ጎረቤት በር ይዘጋ ነበር፤ እህት አስካለች እዚያ ጋ እየሳቀች ነው፣ በሯን ስንቴ እንደዘጋች ታውቃለች። ሁለተኛው ጀምሮ መተው ነው። ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ ተውኩ። የምግብ ዝግጅት ሥልጠና ገባሁ፣ በሁለተኛው ሳምንት ቀረሁ። ስፌት ጀመርኩ፣ ግማሽ የሆነ ሌማት እስከ ዛሬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አለ። እማማ "ትርንጎ ስትጀምር ያየ ብዙ ነው፤ ስትጨርስ ያየ ካለ ይምጣና ይመስክር" ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው።

ያን ጊዜ ታኅሣሥ ነበር። ገና ሲደርስ ከተማችን እንዴት እንደምትሆን ታውቃላችሁ። ሆቴሉ ክፍሉን ሁሉ ያዘጋጃል፤ እኛም ፍራሹን ሁሉ ጣሪያ ላይ አውጥተን ፀሐይ እናስመታዋለን። አንዱን ፍራሽ ወደ ኋላዬ እየሄድኩ እየጎተትኩ ነው፤ በዚያው ደግሞ ከታች ግቢ ካለችው የሥራ ጓደኛዬ ጋር እየተጨቃጨቅኩ ነው። ስለ ምን? ስለ መጥረጊያ! መጥረጊያዬን ወሰድሽ፣ አልወሰድኩም። "ቆይ ወርጄ አሳይሻለሁ!" አልኳት። ወገኖቼ፣ በደረጃ ነበር ልወርድ ያሰብኩት። ጣሪያው አለቀና ወረድኩ።

ፍራሹ ቢቀድመኝ ኖሮ እሱ ላይ አርፍ ነበር። ነገር ግን በሁሉ መቅደም ስለምወድ እኔ ቀደምኩት፤ እሱ መጥቶ እኔ ላይ አረፈ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ግድ የለም። አሁን እኔም እስቃለሁ። ያን ቀን ግን ጩኸቴ ቤተ ጊዮርጊስ ድረስ ተሰምቷል ነው የሚሉኝ።

እዚህ ራጅ ተነሣሁ፤ ወደ ደሴ ሪፈር ተጻፈልኝ። ጌታቸው የሚኒባሱን ወንበር አስወጥቶ ፍራሽ አነጠፈልኝ። ያንኑ ፍራሽ ነው! የሆቴሉ ባለቤት "ውሰጅው፣ ካንቺ ጋር አይለያይም" ብለው ሰጡኝ። ደሴ ስንደርስ ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መብራቱ አንሥቶ አየና "የጭን አጥንቷ ለሁለት ተሰብሯል። ዳሌዋም ተሰንጥቋል። ብረት እናስገባለን" አለ። ብረቱም ገባ። ዛሬም እዚህ ውስጥ አለ፤ ሲበርድ ሰላም ይለኛል።

አሁን ወደ ጌታ ሥራ ልምጣ። ክፍሉ ውስጥ አጠገቤ አንዲት ወጣት ተኝታለች፤ እናቷ ያስታምሟታል። እኒህ እናት የራሳቸው ልጅ መከራ እያየች፣ እኔንም ያጥቡኛል፣ ፀጉሬን ይሠሩኛል። ጌታቸው ሥራ ስለነበረው ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሷል፤ ሰው የለኝም። ታዲያ ሴትዮዋ ማለዳ ማለዳ ለልጃቸው ሲጸልዩ የኔንም ስም ጨምረው ይጠራሉ። አንድ ቀን ሕመሙ ብሶብኝ ነበርና ጮህኩባቸው። "ለኔ አይጸልዩልኝ! ማን ጸልዩልኝ አለዎት?" አልኳቸው። እሳቸው ምን እንዳሉኝ ታውቃላችሁ? "እሺ ልጄ። ሾርባውንስ ትጠጫለሽ?"

በቃ! ሌላ ነገር አላሉም። ለሰደበኝ ሰው ስድብ መመለስ አውቃለሁ፤ ይሄን ግን የምመልስበት አጣሁ። ሾርባውን እየጠጣሁ አለቀስኩ። በሦስተኛው ቀን ራሴ ጠራኋቸውና "እማማ፣ ያንን ጸሎት ይድገሙልኝ" አልኳቸው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ስለ ኢየሱስ ነገሩኝ። ረጅም ስብከት አልነበረም። እንደ እኔ ያለውን ተናካሽ የሚወድ ጌታ አለ አሉኝ። እኔም "እንግዲያው ይውሰደኝ" አልኩ። ሃሌ ሉያ! ጸሎቴ ይሄው ነበር፤ ሰማኝም።

ከሆስፒታል ልወጣ ስል ፊዚዮቴራፒ የምትሠራው ባለሙያ መጣች። ወጣት ናት፣ ፊቷ ግን ኮስተር ያለ ነው። እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ፦ "ልጄን መቼ ነው የማዝላት?" መቅደስ ያኔ ገና ዓመት ከሁለት ወሯ ነው።

"ልጅሽ ስንት ኪሎ ናት?" አለችኝ።

"ዘጠኝ።"

"ዘጠኝ ላይ አትቆይም፤ ታድጋለች። ጀርባሽ ላይ ደግሞ ትንፈራገጣለች። አገርሽ ዳገት ነው ብለሽኛል። አጥንቱ ይጋጠማል፤ ጡንቻሽ ግን ካላሠራሽው አይሸከምሽም። ሃያ ኪሎ ደረትሽ ላይ አቅፈሽ አስር ጊዜ ቁጭ ብድግ ማለት ስትችይ ያን ጊዜ እዘያት። ከዚያ በፊት ግን ዋ! ብትወድቂ ሁለታችሁም ትሰበራላችሁ።"

ሃያ ኪሎ። ይቺ ቃል ልቤ ውስጥ ተተከለች።

ቤት ስገባ እማማ በር ላይ ቆመዋል፤ መቅደስ ጀርባቸው ላይ ናት። ጌታቸው ደሴ የሆነውን ከእኔ በስልክ ሰምቶ አስቀድሞ ነግሯቸዋል። ከላይ እስከ ታች አዩኝና "እግርሽን ልታስጠግኚ ሄደሽ ሃይማኖትሽን ሰብረሽ መጣሽ!" አሉኝ። የድሮዋ ትርንጎ ብትሆን የምትመልሰው ነበራት። አዲሷ ትርንጎም ነበራት፤ ግን ዋጠችው። እኔን የቆረጠኝ የእማማ ነገር አልነበረም። እጄን ስዘረጋ መቅደስ ፊቷን አያቷ ጀርባ ውስጥ ደበቀች። አያቷን "እማ" አለቻቸው። እኔን "ትንጎ" አለችኝ። እማማ "ትርንጎ" ሲሉኝ ትሰማለችና ትክክሏን ነው፤ እኔ ትርንጎ ነኝ። ሲነጋ እማማ ያነሷታል፣ ስታለቅስ እማማ ያዝሏታል፣ እኔ አልጋ ላይ ሆኜ አያለሁ። እናት መሆኔን ረሳችው አልኩ። ወገኖቼ፣ ከስብራቱ ይልቅ ይሄ አመመኝ።

እዚህ ጸሎት ቤት የመጣሁበትን የመጀመሪያውን እሑድ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ተጸለየልኝ፤ እኔም በእምነት ብዬ ክራንቼን ወረወርኩት! ሁለት እርምጃ ሄድኩ። በሦስተኛው እህት አስካለች ጭን ላይ ተቀመጥኩ። ሁላችሁም "ኢየሱስ!" አላችሁ፣ አስካለችም "ኢየሱስ!" አለች፤ የእሷ ግን የምሯን ነበር። አፍሬ ተመልሼ ላልመጣ ነበር።

በዚያው ሳምንት ወንድም ብርሃኑ ቤት ድረስ መጣ። ብየዳ የሚሠራው ብርሃኑ፤ ድሮ ክብደት ያነሣ እንደነበር ትከሻውን አይታችሁ ታውቃላችሁ። "እህቴ፣ ጌታ ይፈውስሻል። ግን ክራንቹን አንስተሽ ተመለሺ፣ ጡንቻሽም ከእሱ ጋር ይሥራ" አለኝ። የሃያ ኪሎውን ነገር ነገርኩት። "እንደርስበታለን፤ ግን በየቀኑ ነው። ደስ ሲልሽ ብቻ የምትሠሪው ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝና ልሂድ" አለ። ሰውየው የኔን ጠባይ ከማን እንደሰማ አላውቅም።

እንግዲህ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ጀመርን። ውሃ የሞላች አንዲት ሃይላንድ ቁርጭምጭሚቴ ላይ በጨርቅ አስሮ "እግርሽን አንሺ" አለኝ። ግማሽ ኪሎ! ተንቀጠቀጥኩ፣ ላበኝ። ከዚያ የአንድ ሊትሯ፣ ከዚያ የሁለት ሊትሯ። ከዚያ ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን አቅፌ በርጩማ ላይ ቁጭ ብድግ። ብርሃኑ "ለኪሎው አትጨነቂ፣ የውሃ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፣ ጀሪካኑ ይነግርሻል" አለኝ። ደብተር ገዛልኝ። በየቀኑ ስንት ሊትር፣ ስንት ጊዜ፣ እጽፋለሁ።

ብርሃኑ በመጣ ቁጥር እማማ በርጩማቸውን አውጥተው እንዝርታቸውን ይዘው ግቢው መሐል ይቀመጣሉ። ባሏ የሌለበት ቤት ወንድ መጥቶ ምራታቸውን ቁጭ ብድግ ሲያደርጋት ዝም ብለው አያዩም! መቅደስ ጀርባቸው ላይ ናት። አንድ ቃል አይናገሩም። አንድ ቀን ብቻ ብርሃኑ "ስምንት፣ ዘጠኝ" ሲል እማማ ከእንዝርታቸው ቀና ሳይሉ "ሰባት ናት" አሉ። ለካ ይቆጥራሉ! ሰባት ነበረች።

እንዲህ እያልን አስር ሊትር ከሚይዘው ጀሪካን ላይ ስምንት ድረስ ውሃ ሞልቼ ሦስት ጊዜ አስር አስር መሥራት ቻልኩ። ክራንቹን ትቼ በዱላ መሄድ ጀመርኩ። ስሙ ይባረክ! ስምንት ኪሎ ደረስኩ ብዬ ዘመርኩ።

ግንቦት መጣና ውሃ ጠፋ። ቧንቧው ሳምንት፣ አስር ቀን ይቆያል። አንድ ቀን ልሠራ ስወጣ ጀሪካኔ ባዶ ነው። እማማ በውሃው ልብስ አጥበውበታል። "ሰው የሚጠጣው አጥቶ ለጡንቻ ተብሎ ውሃ ይታሰራል?" አሉ። ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ወደቅሁ። ምላሴ አመለጠችኝ። "ልጄን ወሰዱብኝ፣ አሁን ደግሞ ውሃዬን!" ብዬ ጮህኩ። እማማ መቅደስን ከፍ አድርገው አዘሉና ወደ ውስጥ ገቡ።

እኔም በእልህ "ውሃ ካልተገኘ የማይፈስ ነገር እሞላለሁ" አልኩ። ጎረቤታችን ወለል እያስደረገ ነበር፤ የተረፈ የተቦካ ሲሚንቶ ከነአሸዋው ከነጠጠሩ ለመንኩ። በጣሳ በጣሳ አምጥቼ ጀሪካኔን እቆመበት ግቢው ጥግ ላይ አፉ ድረስ ሞላሁት። ጀሪካኑ ባለ አስር ሊትር ነው፤ ስለዚህ አስር ኪሎ ነው! ከስምንት ወደ አስር፣ ሁለት ኪሎ ብቻ ጨመርኩ ብዬ ደብተሬ ላይ "አስር" ብዬ ጻፍኩ። አሁን የሳቃችሁት ግንበኞች ዝም በሉ፣ እኔ አልጋ አንጣፊ ነኝ! ከተወለድኩ ጀምሮ ጀሪካን ማለት ውሃ ነው፣ ሃያ ሊትር ሃያ ኪሎ ነው፤ ማን ሌላ ነገር አስተማረኝ?

በአምስተኛው ቀን ደርቋል። "በኢየሱስ ስም!" ብዬ እጀታውን ያዝኩ። አልተነሣም። እንደገና ያዝኩ። ከመሬት ንቅንቅ አላለም! በቀደም ስምንት ኪሎ ያቀፍኩ ሰው፣ ሁለት ኪሎ ቢጨመርብኝ መሬቱ ይዞ አስቀረው። ወዲያው ገባኝ፣ ማለቴ የገባኝ መሰለኝ። እማማን ስለተናገርኩ ጌታ ኃይሌን ወሰደው አልኩ። ገብቼ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። "ይቅር ይበሉኝ፣ ክፉ ተናገርኩ" አልኳቸው። እማማ "ይቅር ይበልሽ፤ በይ ተነሺ፣ እግርሽን ታጣምሚዋለሽ" አሉኝ። ተመልሼ ወጥቼ ጀሪካኑን ያዝኩት። አሁንም አልተነሣም!

ብርሃኑ በዚያው ሰሞን ለብየዳ ሥራ ወደ ኮን ሄዶ ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ እዚያ ነው። ደወልኩለት። "አስር ኪሎ ከበደኝ" አልኩት። "እንዴት ይሆናል? እያመመሽ ነው?" አለ። "አይ፣ ብቻ አይነሣም።" "እንግዲያው ሳትጎብጪ፣ ጀርባሽን ቀጥ አድርገሽ በየቀኑ ሞክሪው። አንድ ጣት ከፍ ቢል ያው አንድ ነው፤ ጻፊው" አለኝ። ሲሚንቶ መሆኑን አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም።

የድሮዋ ትርንጎ እዚህ ላይ ትተወው ነበር። ሌማቱ አጠገብ ጀሪካኑንም ትሰቅለው ነበር! ግን ጠዋት ስነቃ ከማዶ "እማ" የምትል ድምፅ እሰማለሁ፤ እኔን አይደለም የምትጠራው። እነሣና እወጣለሁ። ጌታ ሆይ፣ ኃይል ስጠኝ ማለት ትቼ "ጌታ ሆይ፣ ዛሬን ብቻ አታስቀረኝ" ማለት ጀመርኩ። ይሄን ጸሎት ያዙልኝ፣ ትንሽ ነው ግን ይሠራል። በሦስተኛው ሳምንት ጀሪካኑ ከመሬት ተላቀቀ። ሐምሌ ላይ ጉልበቴ ደረሰ። ከዚያ ደረቴ ላይ አቀፍኩት፤ አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ ተነሣሁ። ዝናብ እየወረደብኝ "ሃሌ ሉያ!" ብዬ ጮህኩ፣ ጎረቤት ሁሉ ወጣ። በነሐሴ መጨረሻ አስሩን ጊዜ ሠራሁ። ደብተሬ ላይ "አስር ኪሎ፣ አስር ጊዜ" ብዬ ጻፍኩና ተቀምጬ አለቀስኩ። ስምንት ወር ሠርቼ ግማሽ መንገድ ላይ ነኝ! መቅደስ ጤና ጣቢያ ስትመዘን አስራ አንድ ኪሎ ተኩል ገብታለች። በዚህ ዓይነት እኔ ሃያ ስደርስ እሷ ተማሪ ቤት ትገባለች አልኩ። ዳግም ሳላዝላት ታድጋለች አልኩ።

በመሐሉ አንድ ቀን ጌታቸው ጀሪካኑን ከዝናብ ሊያስጠጋ አንሥቶት "እህ! ከበድ ይላል እንዴ?" ብሎ ነበር። "አስር ኪሎ አንተንም ከበደህ?" አልኩት። ፊቱ ቀላ፤ "አይ፣ እጄ ረጥቦ ነው" ብሎ ሄደ። ወንድ ልጅ አስር ኪሎ ከበደኝ ይላል? ጌታቸው፣ እዚያ ጋ ነህ፤ ይቅር ብዬሃለሁ።

ጳጉሜን ገባች። እማማ ለእንቁጣጣሽ ቤቱን ሊያጸዱ ዕቃውን ሁሉ ያወጣሉ፣ ግቢውን ይጠርጋሉ። እኔ ውስጥ ሆኜ "ትርንጎ!" ሲሉ ሰማሁ። ወጣሁ። ጀሪካኔ አጠገብ ቆመው እጀታውን ይዘዋል።

"ይሄ ስንት ነው ያልሽኝ?"

"አስር ሊትር ነው እማማ። አስር ኪሎ።"

"ማን ነው አስር ኪሎ ያለሽ?"

"ጀሪካኑ ነዋ! ይኸው ባለ አስር ሊትር።"

እማማ ሌላኛውን፣ ውሃ የሞላውን ባለ አስር ሊትር ጀሪካን በአንድ እጃቸው ብድግ አደረጉ። አስቀመጡት። ወደ ሲሚንቶው ተመለሱ፣ በሁለት እጃቸው ሳቡት፤ ትንሽ ተንቀሳቀሰ እንጂ አልተነሣም። "አንቺ ልጅ፣ እኔ ከምንጭ ውሃ የቀዳሁበትን ዘመን አንቺ አልኖርሽውም። አስር ሊትር እንዴት እንደሚከብድ ወገቤ ያውቀዋል። ይሄ አስር አይደለም!"

በማግስቱ የእንቁጣጣሹን እህል ስናስፈጭ ጀሪካኑን ከጆንያው ጋር በጎረቤት አህያ ጫንነው። ወፍጮ ቤት የጤፍ ሚዛን አለ። ባለ ወፍጮው ጀሪካኑን አየና "እትዬ የሺ፣ ዘንድሮ ደግሞ ሲሚንቶ ሊያስፈጩ ነው?" አለ። ተሰልፈው የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እማማ "መዝን፣ አትቀባጥር!" አሉት። መዘነ። መርፌው ሄደ፣ ሄደ፣ አስርን አለፈ፣ ሃያን አለፈ። ሃያ ሦስት ኪሎ ተኩል!

ቅዱሳን! ሃያ ሦስት ኪሎ ተኩል! ሦስት ወር ሙሉ አስር ነው እያልኩ ስነጫነጭበት የነበረው! ጌታ የለመንኩትን ሰጥቶ ጨምሮልኝ ነበር፤ እኔ አልሰጠኸኝም እያልኩ አለቅስ ነበር። ወፍጮ ቤት ውስጥ፣ ዱቄት እየቦነነ፣ እጄን ዘርግቼ ጮህኩ። ማን ምን ይለኛል አላልኩም። ክብር ለስሙ ይሁን!

ጩኸቴ ሲበርድልኝ እማማን አየኋቸው። አልሳቁም። መቅደስ ጀርባቸው ላይ ተኝታለች። ሚዛኑን እያዩ "ሃያ ነበር ያለችሽ የደሴዋ?" አሉኝ። "አዎ እማማ።" "አስሩን ጊዜ ሠርተሻል?" "ሠርቻለሁ።" "አዎ፣ ቆጥሬሻለሁ" አሉ።

ግቢ ስንገባ መቅደስ ነቃች። እማማ የአንቀልባውን ጠፍር ፈቱና "ነይ፣ አጎንብሺ" አሉኝ። አጎነበስኩ። ልጄን ጀርባዬ ላይ አስቀመጧት። መቅደስ አለቀሰች፣ "እማ፣ እማ" እያለች እጇን ወደ አያቷ ዘረጋች። እኔም አብሬ ላለቅስ ነበር። እማማ "ቀጥ በይ፣ ተራመጂ፣ ትለምድሻለች" አሉ፤ ጠፍሩን በእጃቸው አጠበቁልኝ። ተራመድኩ። ግቢውን ዞርኩ፣ ወደ በሩ ወጣሁ፣ ዳገቷን እስከ አስፋልቱ ወጥቼ ወረድኩ። እግሬ አልተንቀጠቀጠም። ለቅሶው ቀነሰ። ጉንጯ ጀርባዬ ላይ አረፈ፤ እዚህ ጋ፣ ትንፋሿ ሞቀኝ። ስመለስ ተኝታለች።

እማማ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ትከሻቸውን በነጠላቸው ጠቅለል አደረጉና "ጀርባዬን በረደኝ" አሉ።

ወገኖቼ፣ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ዘጠኝ ወር ሙሉ ልጄን ተሸክመዋል፤ ከዘጠኝ ኪሎ ጀምረው እስከ አስራ አንድ ተኩል፣ እሷ ስትጨምር እሳቸው ሳያስቀምጧት። ደብተር አልነበራቸውም። "ጎበዝ" ያላቸው ሰው አልነበረም። እንዲያውም ልጄን ወሰዱብኝ ብዬ ጮሄባቸዋለሁ። አልወሰዱብኝም፤ እስክችል ይዘውልኝ ነበር። ጉልበታቸው ላይ ወድቄ ሳምኳቸው፤ እሳቸውም ራሴን ዳበሱና "በይ፣ ነገ ደግሞ እኔ አዝላታለሁ፣ ጠቅልለሽ እንዳትወስጂያት" አሉኝ። አብረን አለቀስን፣ አብረን ሳቅን።

እማማ ዛሬም በየሰንበቱ ቤተ ክርስቲያናቸውን ይሳለማሉ፣ እኔ እዚህ እመጣለሁ፤ አሁን እኔ እዚህ ስቆም መቅደስን የያዙልኝ እሳቸው ናቸው። ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ፤ ሆቴሉ ፍራሽ ከጣሪያ ላይ እንዳልጎትት ብቻ ከልክሎኛል። ምላሴ ገና አልዳነችም፤ ጸልዩልኝ። ጠዋት ጠዋት ግን እነሣለሁ፣ አልቀረሁም። ጌታ ጀምሮ መተዌን ወሰደልኝ። ከእግሬ በላይ የማመሰግነው ለዚህ ነው።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ዛሬ ጸለይኩ፣ ታገልኩ፣ ምንም አልተለወጠም የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም ብያለሁ። አትተዉት። ጌታን እመኑት፤ የዛሬውን ዛሬ ሥሩና ቀሪውን ለእሱ ተዉለት። ቤታችሁ ውስጥ ደግሞ ዝም ብሎ የተሸከመላችሁ ሰው ይኖር ይሆናል፤ ዛሬ ስትገቡ ጉልበቱን ሳሙት። እኔን በሰው እጅ ይዞ ያቆመኝ ጌታ እናንተንም ያቆማችኋል። ስሙ ለዘላለም ይባረክ፤ አሜን በሉልኝ!